ነፋስ ሙሽራ አይጠብቅም

ልጆቼ፣ ጥምቀት ካለፈ ወዲህ ባሕር ዳር ወደቡ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር እየተቀመጥኩ ያየሁትን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ጥር የሠርግ ወር ነው። ሙሽሮች ከአዲስ አበባም፣ ከጎንደርም፣ ከአሜሪካም እየመጡ ወደ ጣና ደሴቶች ሊሻገሩ ጀልባ ይከራያሉ። ለጫጉላ ሽርሽር ገዳም መሳለምን የመረጠ ትዳር የተባረከ ነው፤ በዚህስ ደስ ይለኛል። ያናደደኝ ሌላ ነው። ለጠዋት 12 ሰዓት የተቀጠረው ጀልባ 4 ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው።

ጀልባ ነጂው ገና ሳይነጋ መጥቶ ጀልባውን ጠርጓል፤ ቤንዚኑን በጀሪካን ተሸክሞ አምጥቶ ሞልቷል፤ ጋቢውን ተከናንቦ ይጠብቃል። ይደውላል። «መንገድ ላይ ነን» ይሉታል። አልጋ ላይ ሆኖ መንገድ ላይ ነኝ ማለት በእናንተ ዘመን ውሸት መሆኑ ቀርቷል መሰለኝ። ኋላ ባጃጁ ሲመጣ ሙሽሪት ጫማዋን በእጇ ይዛ ትወርዳለች፤ ባልየው አሁን ከሱቅ የገዛውን ውሃ በፌስታል አንጠልጥሎ ይከተላል። ቻርጀር መርሳቱ ትዝ የሚለው አንድ እግሩን ጀልባው ውስጥ ካስገባ በኋላ ነው። ቻርጀሩ ከሆቴል እስኪመጣ ሲጠበቅ ደግሞ «ኤቲኤም በየት በኩል ነው?» ይላል። የየገዳሙ መግቢያ ለየብቻ እንደሚከፈል፣ ዝርዝር ብር መያዝ እንደሚያስፈልግ ማታ የጠየቀ የለም።

«ምን ቸገረዎት አባባ፣ ሙሽሮች እኮ ናቸው» ያለኝ ልጅ አለ። የቸገረኝ ሐይቁን ስለማውቀው ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት ረጋ ያለ ነው። ፀሐይዋ ምድሩን ካሞቀች በኋላ ግን፣ በተለይ ከቀትር ወዲያ፣ ነፋሱ ይነሣል። ውሃው ከዳር ዳር የማይታይ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን ውሃ ነፋስ ሲመታው ሞገዱ አጭርና ተከታታይ ይሆናል፤ ለትንሽ ጀልባ ፋታ አይሰጥም። እንግዳ ሰው ጠዋት ባየው ጸጥታ ይታለላል። በክረምትማ ተዉት፣ አይወራም።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላው። ዘጌ ቅርብ ነው፤ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው። ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ግን ሦስት ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። 12 ሰዓት የተነሣ ሰው 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ተሳልሞ፣ ሥዕሉን አይቶ፣ አባቶችን ተሰናብቶ 5 ሰዓት ላይ ቢመለስ 8 ሰዓት ላይ ቤቱ ነው። 4 ሰዓት የተነሣውስ? 7 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ሲመለስ ነፋሱ መሐል ይገባል፤ ባሕር ዳር የሚደርሰው ሊመሽ ሲል ነው። ሙሽሪት ታስመልሳለች፣ ልብሷ በስብሷል፣ ነጂው ጥርሱን ነክሶ ዝም ብሏል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እነዚህ ግን አርፍደው ነው የቸኮሉት።

ደግሞ ዝግጅት አያውቁም እንዳልል ያውቃሉ። ቪዲዮ አንሺውን ከወራት በፊት ቀጥረውታል። የሁለቱ ልብስ ቀለም እንዲመሳሰል ስንት ሱቅ ዞረዋል። ጀልባው ግን በዋዜማው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ እራት እየበሉ፣ ከሰው ሰው በተገኘ ስልክ ቁጥር ይያዛል። ጀልባው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አልታየም፤ ላይፍ ጃኬት ይኑረው አይኑረው አልተጠየቀም። ነፍስ የሚሳፈርበት ነገር መጨረሻ ላይ፣ ለዐይን የሚሆነው መጀመሪያ ላይ!

የልጆቼ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲህ ያለ ነገር አትወድም ነበር። ወደ ጎርጎራ በሚሄደው መርከብ ልንጓዝ ስንል ከሳምንት በፊት ትጀምራለች። መርከቡ በየወደቡ እየቆመ ይሄድ ስለነበር ቁንዝላ ማደር ነበረበት፤ ስለዚህ በሶው ይበጠበጥ ዘንድ ኩባያ፣ ዳቦ ቆሎው ለብቻ በጨርቅ፣ ጋቢ ለሌሊቱ፣ ለመሳለሚያ የታጠበ ነጠላ። «ሰዓቱን ጠየቅህ?» ትለኛለች። ጠየቅሁ እላለሁ። «ማንን?» እነግራታለሁ። «ሌላ ሰው ደግሞ ጠይቅ።» በማግስቱ ወደብ ድረስ ልካኝ መርከቡን በዐይኔ አይቼ ካልመጣሁ አታምነኝም። ያኔ እሰለች ነበር። ናርጋ ስንደርስ ግን ሌላው ሁሉ ዕቃውን ሲፈልግ፣ ጫማውን ሲፈታ፣ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማ ገብታለች። እቴጌ ምንትዋብ ናት ያችን ቤተ ክርስቲያን ያሠራች፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። ሚስቴ እዚያ ሥዕል ፊት ቆማ ሳትናገር ቆየች፤ ኋላ «ንግሥቲቱም ወድቃ ነው የምትለምን» አለችኝ። እናንተ ሰዓት ስታባክኑ የምታጡት እንዲህ ያለውን ቆይታ ነው፤ ነጂው «ቶሎ በሉ፣ ነፋስ መጣ» እያለ ከበር ቆሞ የሚጠራው ሰው ምን ይጸልያል?

አሁን ደግሞ ለባሎች። ዘንድሮ አንዱ ሙሽራ ሚስቱን ይዞ ዳጋ እስጢፋኖስ ድረስ ሄደ። ዳጋ ሴት አይገባባትም፤ ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ። ይህ ትናንት የወጣ ሕግ አይደለም፤ ባሕር ዳር ሕፃን ብትጠይቁ ይነግራችኋል። እሱ ግን አልጠየቀም። ሲደርሱ ሰማ፤ «እንግዲህ መጥተናል» ብሎ የነገሥታቱን ዐፅም ሊያይ ዳገቱን ወጣ። ሙሽሪት ጀልባው ውስጥ ፀሐይ እየመታት፣ በነጠላዋ ተከልላ፣ ከነጂው ጋር ተቀምጣ ቀረች። ሲመለስ በስልኩ ያነሣውን ፎቶ ያሳያታል! ይህን የነገረኝ ነጂው ራሱ ነው፤ ሲነግረኝም አፍሮ ነው። ሴትም ወንድም የሚሳለምባቸው ናርጋ አለች፣ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች፣ አዝዋ ማርያም አለች። አንድ ጥያቄ ማታ ቢጠየቅ ይበቃ ነበር። እንግዲህ ድስት ጥዶ ማልቀስ ማለት ይህ ነው።

ስለ ባልና ሚስት ንጽሕናም ከመሄዳችሁ በፊት ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ በአደባባይ አልዘረዝረውም። የጾም ቀን ከሆነ ስንቁ የጾም ይሁን። ዳር ላይ በባዶ እግር ውሃው ውስጥ አትንቦጫረቁ፤ ቢልሃርዝያ አለ። የጸጥታውን ነገር፣ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ በዚህ ዘመን ሳይጠይቁ መነሣት ጅልነት ነው። የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ ተናገሩ።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ፣ አልወጣልኝምና። እምቦጭ የሚሉት አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ ችግሩ ጨምሯል። በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ነው የያዘው፤ ነፋስ ግን እየገፋ ይወስደዋል። ከሞተሩ ማዞሪያ ላይ ሲጠመጠም ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በእጁ እየበጣጠሰ ነው የሚያወጣው። በጠራ ብርሃንና በረጋ ውሃ ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በሞገድ፣ ሊመሽ ሲል፣ ተሳፋሪ እየጮኸበት ሞክሩት! እናንተ ያረፈዳችሁትን ሰዓት የሚከፍለው እሱ ነው። ሰውን አስጠብቆ ሁለት መቶ ብር ጉርሻ መስጠት ይቅርታ መጠየቅ አይደለም።

የዘንድሮዎቹ አልፈዋል። ከፋሲካ በኋላ የምትጋቡት ግን ስሙኝ። ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን ቀድማችሁ በእግራችሁ ወደብ ድረስ ሂዱ፤ ጀልባውን በዐይናችሁ እዩ፤ ላይፍ ጃኬቱን ለብሳችሁ መቆለፊያውን ሞክሩ፤ የተቀዳደደ ከሆነ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ቤንዚን ለደርሶ መልስ እንደሚበቃ ነጂውን ጠይቁት፤ አይከፋውም። ሻንጣችሁን በዋዜማው ከመተኛታችሁ በፊት ዝጉት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም እንቅልፍ ከጣላችሁና 4 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ፣ ናርጋን ለሌላ ቀን ተዉት። ነጂውን «ጨምረን እንከፍልሃለን» እያላችሁ አታስጨንቁት፤ እሱም ልጆች አሉት፣ ገንዘቡም ያስፈልገዋል፣ እሺ ሊላችሁ ይችላል። ዘጌ ተሻግራችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለሙ፤ ከጫካው የተለቀመ ቡና ጠጡና ቶሎ ተመለሱ።