ዳግም የማይመለስ ገዢ

በአማርኛ «ደንበኛ» የሚባለው ተመላልሶ የሚገዛ ሰው ነው። ስልክ ወይም ካሜራ ፍለጋ ሰው አገር ገበያ የገባ መንገደኛ ደንበኛ አይደለም፤ ነገ ይሳፈራል። ዋጋውን አያውቅ፣ ቋንቋውን አይሰማ፤ ዕቃው ቢበላሽ የገዛበት ሱቅ ባሕር ማዶ ነው። የነጋዴ ሐቀኝነት ከጥቅም የተለየ ነገር መሆን አለመሆኑ የሚለየው እንዲህ ያለ ገዢ ሲመጣ ነው።

ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ለሁሉም በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ባለሱቅ ያነሣል። ሕፃን ተልኮ ቢመጣም እንደ ማንም ይገዛል። ካንት ግን ባለሱቁን አያመሰግነውም፤ አለማጭበርበሩ ራሱ ያተርፈዋልና። የዚያ ሕፃን ነገርም ቢሆን ቀላል ነው፦ ቢታለል እናቱ እጁን ይዛ ተመልሳ ትመጣለች። ለመንገደኛው ማን ይመጣለታል?

እ.ኤ.አ. በ2014 በሲንጋፖሩ የገበያ ማዕከል ሲም ሊም ስኩዌር አንድ የቬትናም ፋብሪካ ሠራተኛ ለፍቅረኛው አይፎን 6 ሊገዛ 950 የሲንጋፖር ዶላር ከፈለ። ሳያነብ ወረቀት ፈረመ። ከዚያ «ለጋራንቲው» ሌላ 1,500 ዶላር ካልጨመርክ ስልኩን አትወስድም ተባለ። ሰውየው ሱቁ ውስጥ ተንበርክኮ ሲለምን በቪዲዮ ተቀረጸ፤ ባለሱቁም ኋላ ላይ ታሰረ። ፊርማው የገዢው ነው። ያልገባውን ነገር የፈረመ ሰው ተስማምቷል ይባል ዘንድ ግን አይገባም።

የሃይማኖት ሕጎች ይህን ቀድመው አይተውታል። በአይሁድ የሕግ መድበል በሚሽና ዋጋው በአንድ ስድስተኛ የተጋነነበት ገዢ ሊከራከር ይችላል፤ ጊዜው ግን ዕቃውን ለነጋዴ ወይም ለዘመድ እስኪያሳይ ድረስ ነው። ዘመዱ አገር ቤት ለቀረ ሰው ይህ ገደብ አጭር ይሁን ረጅም ለመናገር ያስቸግራል። በእስልምና ነቢዩ መሐመድ ከከተማ ወጥቶ ሲራራ ነጋዴን መንገድ ላይ መቀበልን ከልክለዋል፤ የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ የሸጠ ሰው ገበያ ሲደርስ ውሉን ማፍረስ ይችላል። እዚያ መንገደኛው ሻጭ ነው፤ ምክንያቱ ግን ያው አለማወቁ ነው። የሐንበሊ መዝሀብ ሊቃውንትም መብቱን ዋጋ ሳያውቅ የሻጩን ቃል አምኖ ለሚገዛ ሰው ሰጥተዋል።

ከዋጋ ይልቅ የሚከብደው የጉድለት ነገር ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አይፎን 14 የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ በኢሲም ብቻ ይሠራል። ለጃፓን ገበያ በ100 ቮልት የተሠራ የሩዝ ማብሰያ 220 ቮልት ባለበት አዲስ አበባ እንዲያው ቢሰካ ይቃጠላል። ሁለቱም በተሸጡበት አገር እንከን የላቸውም። ታዲያ ሻጩ መናገር አለበት?

ሮማዊው ኪኬሮ ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን በዚህ ያከራክራል። የባቢሎኑ ዲዮጋን ሕግ ያዘዘውን ጉድለት መናገር ይበቃል፣ ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አይደሉም ይላል። አንቲጳጥሮስ ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢውም ይወቅ ይላል። የዲዮጋን ክርክር ገዢው ዕቃውን የት እንደሚጠቀምበት ለማያውቅ ሻጭ ይሠራል። ቱሪስት በሚበዛበት ገበያ ግን የባለሱቁ የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ከየት አገር ነህ?» ነው። ዋጋ ሊሰቅልበት ጠይቆ መልሱን ከሰማ በኋላ፣ ስለ ቮልቱ ሲሆን «አላወቅሁም» ሊል አይችልም።