መኪና ከመቆሙ በፊት ይናገራል
የጋላባት ውጊያ ለድንበር ሹፌሮች የተወው ትምህርት

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጋት ላይ በሱዳንና በኢትዮጵያ ድንበር ያለችው ጋላባት በመድፍና በአውሮፕላን ተደበደበች። ጣሊያኖች ምሽጓን ከእንግሊዞች እጅ ከነጠቁ አራት ወር ሆኗቸው ነበር። የ10ኛው የሕንድ ብርጌድ አዛዥ ብርጋዴር ዊሊያም ስሊም ያሰበው ምሽጓን መልሶ ለመያዝና ደረቁን የድንበር ወንዝ ተሻግሮ መተማን ለማጥቃት ነው። መተማ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት ምድር ናት። በዚያን ጊዜ አፄ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ተቀምጠው ወደ አገራቸው የሚገቡበትን ቀን ይጠብቁ ነበር። የጎጃም አርበኞችም ከሱዳን በኩል መሣሪያና ስንቅ እንዲመጣላቸው ተስፋ ያደርጉ ነበር። የመተማ በር መከፈት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ስሊም ብዙ የተማመነው በ12 ታንኮቹ ነው፤ ስድስቱ ክሩዘር፣ ስድስቱ ቀላል ታንኮች ነበሩ። የሕንድ ጋርዋል እግረኞች ከታንኮቹ ጋር ገብተው ምሽጓን በማለዳ ያዙ። ነገር ግን ጋላባት ሲደርሱ ከታንኮቹ አብዛኞቹ ቆመው ቀሩ። ጥቂቱን ፈንጂ አበላሸው፤ የሌሎቹን ሰንሰለት ደግሞ ቋጥኝ በጠሰው። ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻሉም። ከዚያ የጣሊያን አውሮፕላኖች ሰማዩን ተቆጣጠሩ። የታንኮቹን መጠገኛ ዕቃ የጫነው መኪናም በቦምብ ተመታ። መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ ወታደሩ ምሽግ ቆፍሮ መከለል አልቻለም። በመተማ ላይ ሊደረግ የታሰበው ጥቃት ተሰረዘ፤ ስሊምም ምሽጓን ለቆ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበሩን የተሻገሩት በሌላ በኩል፣ በኡም ኢድላ ነው።

ስሊም ኋላ በበርማ ጃፓኖችን ድል አድርጎ ፊልድ ማርሻል ሆኗል። የጋላባቱን ሽንፈት ሳይሸፋፍን በመጽሐፉ የተረከውም እሱ ራሱ ነው። የጦርነት ታሪክ የሚያነብ ሰው ከዚህ ውጊያ ብዙ ነገር ያወጣል። እኔ የማወጣው ለሹፌርና ለመካኒክ የሚጠቅመውን ነው፦ በዚያ አገር ጉዞን የሚወስነው ከሻንሲ በታች ያለው ብረት ነው። የሚጠግነው ዕቃ ሁሉ አንድ መኪና ላይ ከተጫነ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

የታንኮቹን ሰንሰለት ቋጥኝ በድንገት ስለበጠሰው ማንም ቀድሞ ሊሰማው አይችልም ነበር። በጎማ የሚሄድ መኪና ግን ዕድለኛ ነው። ባሌስትራው፣ ኩሽኔታው፣ ክሮቸራው ብዙውን ጊዜ ከመሰበራቸው በፊት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ቀደም ብለው ይጮኻሉ። ያንን ጩኸት ለይቶ መስማት ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወጥቶ ወደ ድንበር ለሚነዳ ሁሉ የግድ ነው።

የገዳሪፍ አገር መረሬ አፈር ነው፤ የሰሊጥና የማሽላ ምድር። በበጋ አፈሩ ተሰነጣጥቆ ይደርቃል፤ ትራክተርና ካሚዮን የሄዱበት መንገድም እየተሸረሸረ መኪናን ያንቀጠቅጣል። ክረምት ሲገባ ያው አፈር ጎማ ላይ ተለጥፎ አይላቀቅም። ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዋናው አስፋልት ወጣ ብሎ ወደ እርሻውና ወደ ስደተኛ መጠለያዎቹ የሚወስደው መንገድ ግን አፈር ነው። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ከትግራይ በሐምዳይት በኩል ሲሻገሩ ወደ ኡም ራኩባና ቱናይድባ መጠለያዎች መድኃኒትና እህል የደረሰው በመኪና ነው። እንዲህ ባለ መንገድ አንድ ኩሽኔታ ቢነቀል የሚቆመው መኪናው ብቻ አይደለም።

ድምፅን ለመለየት የመጀመሪያው ሥራ መኪናውን ማጠብ ነው። በቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ጎማውን ሚዛን አሳጥቶ መሪውን ያንቀጠቅጣል፤ ያልተበላሸ ነገር ሲፈታ ይዋላል። ከታጠበ በኋላ ሹፌሩ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ድምፁ ከፍጥነት ጋር ይጨምራል? መሪ ሲዞር ይለወጣል? ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ይለያያል?

ከፍጥነት ጋር የሚያድግ፣ ካምቢዮው ዜሮ ላይ ሆኖ መኪናው በራሱ ሲንከባለልም የማይጠፋ ጉምጉምታ የጎማ ኩሽኔታ ምልክት ነው። ነገር ግን ያረጀ ጎማም እንዲሁ ስለሚጮኽ በመሪ ይፈተን። ባዶ መንገድ ላይ መኪናውን በዝግታ ወደ ግራ ሲያጥፉት ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ ያኔ ድምፁ ከበረታ የሚጠረጠረው የቀኙ ነው። ከዚያ ጎማውን በክሪክ አንስቶ፣ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ጎማው ከተንቀጫቀጨ ወይም በእጅ ሲሽከረከር ብረት የመፍጨት ስሜት ከሰጠ ኩሽኔታው አልቋል።

መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ቀጭ ቀጭ የሚለው የፊት አክስሉ ሲቪ ጆይንት ነው። የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ግሪሱ በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተረጭቶ ከታየ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም። ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ሲቀየር አንዴ ጓ የሚል ድምፅ ክሮቸራውን ያሳብቃል። ነዳጅ ሲሰጥ የሚያፏጭ፣ ሲለቀቅ የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ ከዲፈረንሻሉ ጥርስ ይመጣል።

ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚሰማውን ከባሌስትራው አካባቢ ይፈልጉት። ሲጢጥ የሚል ከሆነ በየቦኮላው ላይ አንድ በአንድ ውኃ ያፍስሱ፤ ድምፁ ለጊዜው የጠፋበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። ጓ ጓ ካለ ሾክ አብዞርበሩ የታሰረበትንና ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ቡሎኖች ይዩ። እነዚህ ቡሎኖች ሲላሉ ባሌስትራውን የሚይዘው የመሃል ቡሎን ይቆረጥና አክስሉ ከቦታው ይሸሻል። ከረጅም መንገድ በፊት በቁልፍ ማጥበቅ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሸሸ አክስል ግን በጭቃ መሃል የሚስተካከል አይደለም።

በዚህ አገር በተለይ የሚዘነጋው ውኃ ነው። ሲነዳ የዋለ አክስል ግሎ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይቀዘቅዝና ይሰበሰባል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ውኃውን በጎሚኒው በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱም ወተት እንደገባበት ቡና ይነጣል፤ ኩሽኔታውና ጥርሱ ከዚያ በኋላ ዝገት ይበላቸዋል። ድምፁ ብዙ ቆይቶ ስለሚመጣ፣ ወንዝ የተሻገረ ሹፌር ዘይቱን ከፍቶ ይይ፤ መተንፈሻውንም ያጽዳ።

የጋላባት ሁለተኛው ትምህርት መለዋወጫን ይመለከታል። ሁለት ሦስት ሆነው በሰልፍ የሚሄዱ መኪኖች ኩሽኔታውን፣ ክሮቸራውን፣ ቡሎኑንና ክሪኩን አንድ መኪና ላይ አይጫኑ፤ ይከፋፈሉት። መጠገን የሚያውቁ ሰዎችም በአንድ ጋቢና አይቀመጡ።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ሹፌሮች፣ ከገዳሪፍም ከጎንደርም ስትነሱ ራዲዮውን ዝጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ የመጀመሪያውን አንድ ኪሎ ሜትር በዝግታ እየነዳችሁ አዳምጡ። ትናንት ያልነበረ ድምፅ ከሰማችሁ ምንጩን ሳታገኙ ከከተማ አትውጡ። ባለቤቶችም ሹፌራችሁ «ድምፅ አለው» ሲላችሁ «ይድረስ ግድ የለም» አትበሉት። የኩሽኔታ ዋጋ የተነቀለ ጎማ ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር አይወዳደርም፤ ጎማው ሲነቀል ደግሞ በመኪናው ውስጥ ሰው አለ።