ፈቃድና መብት

«አገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለውን አባባል ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ስም ጋር እያያዝን ስንጠቅሰው ኖረናል። ደግ አባባል ነው። ይሁንና በእሳቸው ዘመን የወጣው የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚያች እምነት ተከታይ እንዲሆን ደንግጓል። የንጉሡ ሃይማኖት እንኳ የግል አልነበረም ማለት ነው።

ይህ ነገር ከወረቀት ወርዶ መሬት ሲነካ ምን እንደሚመስል ለማየት ወላይታን የመሰለ ቦታ የለም። በ1920 ዓ.ም. የመጡት የሱዳን ኢንተርየር ሚሽን ሰዎች ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ሰፈሩ። ጣሊያን በ1929 ሲያስወጣቸው የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። እነዚያንም ጥቂቶች አሰረ፣ ገረፈ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጠበቃቸው። በ1936 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ ደግሞ አገሩን «ክፍት አካባቢ» እና «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ» ብሎ ከፈለው። እዚህ መስበክ ይቻላል፣ እዚያ አይቻልም። ወላይታ ከክፍቱ ወገን ነበርና ተጠቀመ፤ ያ ግን ፈቃድ እንጂ መብት አልነበረም። ፈቃድ የሰጠ ይነሳል። ደርግ መጣና የኦቶናን ሆስፒታል ወሰደ፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ዘጋ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት ተለያዩ። በ1999ኙ ቆጠራ ደግሞ ከወላይታ ዞን ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሆነው ፕሮቴስታንት ሆኖ ተገኘ። የተገረፉት ሰዎች የልጅ ልጆች አሁን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጠዋል። ፈተናው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው «በጸሎት እንጀምር» ብለው ሲነሡ አይቻለሁ (ጸሎቱም አጭር አልነበረም)። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አብሮ ቆመ። «ታዲያ ማን ተጎዳ? አብዛኞቻችን እኮ አማኞች ነን» ይባላል። የ1948ቱ አርቃቂዎችም ቢጠየቁ ከዚህ የተለየ መልስ የሚኖራቸው አይመስለኝም።

ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየኝ ግን አዲስ አበባ ውስጥ የተነሣ የውርስ ክርክር ነው። አንዲት ሙስሊም ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት ስትከሰስ «እዚህ ለመዳኘት አልተስማማሁም» አለች። ሰሚ አጣች። ይግባኝ እያለች እስከ ሰበር ችሎት ደረሰች፤ እዚያም ተረታች። በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንቀጽ 34ን ጠቅሶ፣ ተከራካሪዋ ሳትፈቅድ የተሰጠውን ፍርድ ሻረው። ሴትዮዋ ሃይማኖቷን አልካደችም፤ ፈቃዴ ይጠየቅ ነው ያለችው። እዚያ ስብሰባ ላይ ቆመን ያጎነበስነውን ሰዎች ግን የጠየቀን አልነበረም።