በተሣለ እንስሳ ሕማም ስለ መሣቅ

ሕማም የማይሰማው ነገር ሲደበደብ አይቶ መሣቅ ነውር ነውን? ጥያቄው የልጆች ቢመስልም መልሱ ለሊቃውንትም አይቀልም።

ልዑል ራስ ተፈሪ መኰንን ንጉሥ በተባሉበት በ1921 ዓ.ም.፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ዋልት ዲዝኒና ኡብ አይወርክስ የሠሩት «ስቲምቦት ዊሊ» የተባለ ጥቁርና ነጭ የሥዕል ፊልም በኒውዮርክ ከተማ ታየ። ርዝመቱ ስምንት ደቂቃ አይሞላም። በመርከብ ላይ ያለች ፍየል የዜማ ወረቀት ትበላለች፤ ጅራቷን እንደ ወፍጮ ሲያዞሩት ዜማው ከአፏ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ሚኪ የተባለው አይጥ የድመት ጅራት እየጎተተ፣ ዝይ አንቆ እንደ እምቢልታ እያስጮኸ፣ የላም ጥርስ እየመታ ይዘፍናል፤ ልጆቿን የምታጠባውን እርያ እንኳ አንሥቶ ጡቶቿን እየተጫነ ያዜምባታል።

በፍየሏ መሣቅ ነውር የለበትም። የባሌ ደጋ እረኛ ሁሉ የፍየልን ሆዳምነት ያውቃልና፣ ሳትጠራ የበላችውን ብትዘምረው ዕዳዋን ከፈለች ይላል። ደግሞ ብራና ከፍየል ቆዳ ይዘጋጃል፤ ዜማ በቆዳዋ ሲጻፍባት የኖረች ፍየል በሆዷ ብትይዘው ለባለ ቅኔ እንግዳ ነገር አይደለም።

ተከራካሪ ግን እንዲህ ይላል፤ ከበሮ በከብት ቆዳ ይለበሳል፤ የበገና ዐሥሩ አውታርም የበግ አንጀት ነው፤ እንስሳ የዜማ ዕቃ ቢሆን ምን አዲስ ነገር አለ? አዎን፣ ነገር ግን ያ እንስሳው ከሞተ በኋላ ነው፤ የከበሮው ድምፅ የበሬው ጩኸት አይደለም። በፊልሙ ግን ጩኸቱ ራሱ ዜማ ሆኗል። ሥዕሏ አይሰማትም፤ ተመልካቹ ግን ጩኸቱን እንደ ጩኸት ካልሰማው አይሥቅም። ስለዚህ ሕማሙን ዐውቆ የሚያልፈው የእርሱ ልብ ነው።

በአዲስ አበባ ጥንት የተከፈተውን ሲኒማ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ሰይጣኑን በጨርቁ ላይ ፈለገው እንጂ በወንበሩ ላይ አልፈለገውም። በሮቤ መንገድ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አለንጋ ሲያርፍበት በሚያስቅ መልክ ቢዘል፣ በፊልሙ ሲሥቅ የዋለ ሰው ሣቁን በምን ይለየዋል?

የእርያዋን ክፍል በኋላ ዘመን ቆርጠው ያሳዩ ነበር። እርያ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ባትበላም እናት ናትና ቈራጮቹ አልተሳሳቱም፤ ሆኖም ተመልካቹ ለምን እንደ ሣቀ ሳይጠየቅ ቀረ። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ የባለቤትነት መብቱ ስላለቀ ፊልሙን ማንም ሊያሳየው ይችላል፤ በጎባም ሆነ በሮቤ በእጅ ስልክ ይታያል። ከልጁ ጋራ የሚያይ አባት እርያዋ ዘንድ ሲደርስ አያጥፋው፤ ልጁን ለምን ሣቅህ ብሎ ይጠይቀው። «ስለ ጮኸች» ያለው እንደ ሆነ፣ ነገሩ ከዚያ ይጀመራል።