ለባለ ሴሊካው ልጅ፦ የዘይቱን ግፊት ከማሳደድህ በፊት

ልጄ፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ ወዳለው ጋራዣችን ያቺን ቀይ ሴሊካህን ይዘህ መጥተህ «ጋሼ፣ ሲሞቅ ፕሬሸሩ ይወርድብኛል፤ እባክዎ በወፍራሙ ዘይት ይቀይሩልኝ» ስትለኝ እምቢ ያልኩህ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ሰው ተሰልፎ ስለነበር በወጉ ሳላስረዳህ ሄድክ። ቅር እንዳለህ ከፊትህ አይቻለሁና ያን ዕለት ያልነገርኩህን ዛሬ ልጻፍልህ። አባትህን አውቀዋለሁ፤ ልጁ ለፍቶ የገዛት መኪና ሞተር ነክሶ በመኪና ጫኝ ስትጎተት ማየት አልፈልግም።

መጀመሪያ ግፊት ምን እንደሆነ እንግባባ። የዘይት ፓምፕ ሥራው ዘይት ማንሳትና መግፋት ነው። ያንተ መኪና ፓምፕ ክራንክሻፍቱ ፊት ላይ ተቀምጦ አብሮት ይዞራል፤ በአንድ ዙር የሚያነሳው የዘይት ልክም የታወቀ ነው። ግፊት የሚፈጠረው ያ ዘይት በጠባብ ቦታ ለማለፍ ሲታገል ነው። አትክልት የምታጠጣበትን ጎማ ጫፍ በአውራ ጣትህ ስትይዘው ውሃው ርቆ ይፈናጠራል፤ ከቧንቧው የሚመጣው ውሃ ግን አልጨመረም፣ እንዲያውም ቀንሷል። ሞተር ውስጥም ጠባቡ ቦታ በክራንክሻፍቱና እሱን አቅፈው በሚይዙት ብሮንዞች መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛዎች ነው። ብረቱን ከብረት ለይቶ የሚያንሳፍፈው እዚያ የሚገባው ዘይት ነው። መለኪያህ ላይ የምታየው ቁጥር ዘይቱ ምን ያህል መንገድ እንደጠበበው ይነግርሃል እንጂ ምን ያህል ዘይት እንደደረሰ አይነግርህም።

እንግዲህ አስበው። 20ደብሊው-50 ብሞላልህ መርፌው በእርግጥ ከፍ ይላል። ደስ ብሎህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ነገር ግን ወፍራሙ ዘይት በጠባቡ ክፍተት የሚያልፈው ቀስ እያለ ነው፤ ጠዋት ገና ሳይሞቅ ደግሞ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የፓምፑ ማስተንፈሻ ቫልቭ ይከፈትና የተገፋውን ዘይት ከፊሉን ወደመጣበት ይመልሰዋል። በመርፌው ላይ ያገኘኸውን በብሮንዙ ላይ ታጣዋለህ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ከዚህ የሚከፋው ሌላ አለ። ግፊቱ የወረደው ብሮንዙ በልቶ ክፍተቱ ሰፍቶ ከሆነ፣ ወይም የፓምፑ መምጠጫ ወንፊት በጭቃማ ዘይት ተደፍኖ ከሆነ፣ ወይም ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ገብቶ አቅጥኖት ከሆነ፣ ወፍራሙ ዘይት ያን ሁሉ ሸፍኖ ያስቀምጥልሃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። እኔም መድኃኒት ሳይሆን መሸፈኛ ልሸጥልህ አልፈለግኩም።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቀይ መብራትም አትመናት። በብዙ መኪና እሷ የምትበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር አካባቢ በታች ሲወርድ ነው። ሚኒሞ ላይ ላለ ሞተር ይህ ለጥቂት ጊዜ ይቻል ይሆናል፤ በ5,000 ዙር ለሚሮጥ ሞተር ግን ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ነው። በመንገድ ላይ ከበራች አንድ ነገር ብቻ አድርግ፦ ጥግ ይዘህ ወዲያው አጥፋ። «እስከ ገርጂ ልድረስ፣ እዚያ ጋራዥ አለ» አትበል። ከኢምፔሪያል እስከ ገርጂ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ለብሮንዝ ግን ረጅም ነው።

ያንተ ሴሊካ ደግሞ ከሌላው ቶዮታ ለየት ትላለች። ከ1999 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተሠራው ይህ ሞዴል በሁለት ዓይነት ሞተር ይመጣል። ያንተ 2ዜድዜድ የሚባለው፣ ቶዮታ ከያማሃ ጋር ሆኖ የሠራው ባለ 1.8 ሊትር ነው፤ እንግሊዞቹ ሎተስ ኤሊዝ የሚሏትን ትንሽ የስፖርት መኪና ያስሮጡበትም ይኸው ሞተር ነው። ከ6,000 ዙር አካባቢ በላይ ስትወጣ ድምጿ ተለውጦ ወንበሩ ላይ ስታጣብቅህ ምን እየሆነ እንደሆነ ታውቃለህ? ሮከሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ፒን ተገፍታ ትገባና ቫልቮቹን ከፍ አድርጎ የሚከፍተው ሌላኛው ካም ሥራ ይጀምራል። ፒኗን የሚገፋት ደግሞ የዘይት ግፊት ነው። ስለዚህ ለአንተ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ማርሽ እንደሚያስገባ እጅ ሆኖም ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ላይ የሮከር ዘንጉን የሚይዙት ብሎኖች እየተበሉ ይሰበሩ ነበር፤ ያኔ ዘይቱ በዚያ በኩል ያመልጥና ያ ሁለተኛው ካም አልገባም ይላል። ያንተም «ከ6,000 በላይ አንዳንዴ ትደክማለች» ያልከኝ ከዚህ ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል የቫልቭ ክዳኑን ከፍተን ሳናይ ስለ ዘይት ውፍረት መነጋገር የለብንም።

ሌላው የዘይቱ ልክ ነው። ይህ ሞተር ከነፊልትሮው የሚይዘው 4.4 ሊትር ገደማ ነው፤ ብዙ አይደለም። አንድ ሊትር በልቶ ሳታውቅ በቀለበት መንገድ መታጠፊያ ላይ በፍጥነት ብትጠመዝዛት ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ባለው ማጠራቀሚያ፣ በኮፓው ውስጥ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ መምጠጫው አየር ይስባል። ከሥሩ ሦስት ሊትር ተኩል ዘይት ተኝቶ ብሮንዙ ይደርቃል፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው። ኤሊዝን ውድድር ሜዳ የሚነዱ ሰዎች ኮፓው ውስጥ ዘይቱን የሚያግድ መከፋፈያ የሚያስገጥሙት፣ ፖርሸም ለ911 ዘይቱን ከሞተሩ ውጭ በታንክ ያስቀመጠለት ለዚሁ ችግር ነው። አንተ መከፋፈያ አያስፈልግህም፤ ልኩን ማየት ግን ያስፈልግሃል። ዘይት መብላት እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ጭስ ሳታይ፣ ድምፅ ሳትሰማ ይወርዳል። ቤንዚን በቀዳህ ቁጥር ከማደያው ወጣ ብለህ ደልዳላ ቦታ አቁማት፣ አጥፍተህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ መለኪያ ብረቷን አውጥተህ በንጹሕ ጨርቅ ጥረግና መልሰህ ክተት፤ ሁለተኛ ስታወጣት የምታየውን እመን። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህም ንገረኝ። ጠዋት ከቤትህ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ከዚያ 22፣ ማታ ተመልሰህ ቤት፤ በአጭር መንገድና በመጨናነቅ ብቻ የምትነዳ መኪና ዘይቷ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚውል ቤንዚኑ ተንኖ አይወጣም።

የአዲስ አበባን ከፍታም አስብ። እኛ ያለንበት ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋ ያጣል፤ ወጣቱ ያን ለማካካስ ዙሩን ከፍ ያደርጋል። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ። ውሃም እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩን ከዚህ በላይ የሚያስችለው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ስለሆነ፣ ክዳኑ ከላላ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ዘይቱም ይቀጥናል። «ሲሞቅ ፕሬሸሩ ይወርዳል» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን የማየው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ ምርጫ እንምጣ። በጀሪካኑ ላይ ካሉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው በብርድ፣ ሁለተኛው በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ያሳያል። 5ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ፣ 10ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ቦሌ ላይ ብርዱ ቢበረታም ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እኛን ብዙ አያስጨንቀንም። ቢሆንም ጥሩ የሚባለው ዘይት እንኳ በጠዋቱ ብርድ ከሞቀበት ሰዓት ከ20 እጥፍ በላይ ወፍራም ነውና፣ የውሃው መለኪያ መሃል ስለደረሰ ዘይቱም ሞቋል ብለህ አትገምት፤ ዘይት ከውሃ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ከቤት እንደወጣህ መገናኛ እስክትደርስ ከ3,000 ዙር በታች ንዳት። እስክትሞቅ አቁመህ በባዶ ጋዝ መስጠቱንም ተወው።

ጓደኛህ «የስፖርት መኪና ወፍራም ዘይት ይወዳል» ያለህ ከየት እንዳመጣው ይገባኛል። ኤም3 የተባለችው የቢኤምደብሊው መኪና፣ ኢ46 የሚሏት፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ10ደብሊው-60 ነው የተነዳችው። እውነት ነው፤ ፋብሪካዋ ነው ያዘዘላት። ግን የቶዮታ 86ም የስፖርት መኪና ናት፤ ፋብሪካዋ ያዘዘላት ደግሞ ከቀጭኖቹ አንዱን፣ 0ደብሊው-20ን ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ምክንያቱም የብሮንዛቸው ክፍተት፣ የፓምፓቸው አቅምና የዘይት መተላለፊያቸው ስፋት ለየራሱ ዘይት ተሰልቶ ነው የተሠራው። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ያንተዋን መኪና መጽሐፍ ብታየው 5ደብሊው-30 ይልሃል፤ እኔም ሙሉ ሲንቴቲክ የሆነውን እመክርሃለሁ። ሞተሩ ያረጀ፣ ዘይት የሚበላ ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም ወደ አዋሽና ድሬዳዋ ሙቀት ወርደህ ብዙ የምትነዳ ከሆነ 5ደብሊው-40 እቀይርልሃለሁ። ከዚያ በላይ አልሄድም። ያቺ የሮከር ፒንና የካሙን ጊዜ የሚያስተካክለው ቫልቭ በቀጭን ቀዳዳ ነው የሚመገቡት፤ ወፍራም ዘይት እዚያ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ለአይሱዙ የተገዛውን የናፍጣ ሞተር ዘይት «ያው ዘይት ነው» ብሎ የሚሞላልህ ላቫጆ ካለም ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

ከውፍረቱ ቀጥሎ የጥራት ደረጃውን እይ። በጀርባው ኤፒአይ ኤስኤን ወይም ኤስፒ የሚል ካለ ደግ ነው፤ ኤስኤን ከ2010፣ ኤስፒ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጡ ናቸው። ቶታል ይሁን ሞቢል፣ ካስትሮል ይሁን ሌላ፣ ለእኔ ዋናው ጀሪካኑ ውስጥ ያለው በጀሪካኑ ላይ የተጻፈው መሆኑ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ማሸጊያው ያልተነካ፣ የምርት ቁጥሩ ያልተፋቀ፣ ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ያልወረደ መሆኑን አጣራና ደረሰኝ ከሚቆርጥ ግዛ። ባዶውን ጀሪካን ደግሞ ሳትበሳው አትጣለው፤ አሮጌ ዘይት አጣርተው የሚሸጡ ሰዎች የሚፈልጉት ያልተበሳ ጀሪካን ነው።

ይህን ሁሉ የማስረዝመው በምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኗል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ስለ ፖሊሲው ሌላ ጊዜ እናወራለን። ለአንተ የሚነግርህ ግን ግልጽ ነው፦ ይህችን ሞተር ካበላሸሃት ሌላ ሴሊካ አስመጥቼ እተካለሁ ማለት ቀርቷል። ሱማሌ ተራ ብትዞር የኮሮላ ሞተር ታገኛለህ፤ ይህን ሞተር ማግኘት ግን የዕድል ጉዳይ ነው፤ ብታገኝም ከየትኛው የተገለበጠ መኪና እንደወጣ አታውቅም።

ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሳትቸኩል ና። አንተ ያስገጠምካትን ርካሽ ጌጅ ትተን፣ የዘይት መብራቷን ሴንሰር ፈትተን በቦታው በሜካኒካል ጌጅ እንለካታለን፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛው፣ ቀጥሎ መንገድ ወጥታ በደንብ ሞቃ። ቶዮታ በዚያ ዘመን ለሠራቸው ብዙዎቹ ሞተሮች ሲሞቁ በ3,000 ዙር ከ3 እስከ 5 ባር ተኩል ነው የሚጠበቀው፤ ሚኒሞ ላይ አንድ ባር ባይሞላ አልደነግጥም። በ3,000 ጥሩ ሆና ሚኒሞ ላይ ብቻ ዝቅ ካለች ምናልባት ምንም ችግር የለባትም፣ ጌጅህ ነው የዋሸህ። በ3,000ም ከወረደች ዘይቱን አፍስሰን ፊልትሮውን በመጋዝ እንቆርጠዋለን። የታጠፈውን ወረቀት ዘርግተን ወደ ፀሐይ እናዞረዋለን፤ ጥቁር ብቻ ከሆነ እሰየው፣ የብር ቅንጣት ካብረቀረቀ እናስብበታለን፣ እንደ መዳብ ቀላ ያለ ካየን ግን ብሮንዙ የላይኛውን ሽፋን ጨርሶ ውስጡ ደርሷልና ኮፓውን ማውረድ ነው። የቫልቭ ክዳኑን ከፍተን የሮከር ብሎኖቹንም እናያለን። ዘይቱን ገና አትግዛ፤ ልኬቱን ካየን በኋላ አብረን እንወስናለን። እስከዚያ ለሥራህ ብቻ ቀስ ብለህ ንዳት፤ በቱሉ ዲምቱ በኩል አዳማ እሄዳለሁ ያልከውን ግን ለሌላ ቀን አድርገው፤ በዚያ ፈጣን መንገድ ላይ ብሮንዟ ካለቀ በክሬን ነው የምትመለሰው።