የወላጅ ፊርማ ምን ይሰጣል?

ሕፃናትን ወደ ገዳም ጉዞ ስንወስድ ከወላጅ የምንቀበለው የፈቃድ ወረቀት ሥራው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «አንድ ነገር ቢደርስ እንዳንጠየቅ ነዋ!» ይላል። ይህ አሳብ በሕግም በኅሊናም ፊት ደካማ ይመስለኛል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ወላጆቹን አሳዳሪና ሞግዚት ያደርጋል። ስለዚህ ልጁን ራቅ አድርጎ ለመውሰድ የእነርሱ እሺታ ያስፈልጋል። ወረቀቱም ወላጁ ጉዞውን ማወቁንና መስማማቱን ያስረዳል። ጥፋትን ግን አስቀድሞ አያስተሰርይም። ፍሬኑ ያልተመረመረ አውቶቡስ የተከራየ፣ ወይም ልጆቹን ሳይቈጥር ያስነሣ ሰው፣ ጉዳት ቢደርስ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጥፋቱ ይጠየቃል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ። የሚፈርመው አባት ነው፤ እግሩ የሚሰበረው ግን ልጁ ነው። አንዱ ስለ ሌላው ሊምር ይችላልን? ይህ ክርክር በአሜሪካ ኮሎራዶ ተነሥቶ፣ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. ወላጅ የልጁን የመካስ መብት አስቀድሞ ሊተው አይችልም ሲል ፈረደ፤ በ2003 ግን ምክር ቤቱ ሕግ አውጥቶ ለወላጆች ፈቀደላቸው። እኔ ከዳኞቹ ጋር ነኝ። ይቅርታ የተበደለው ሰው ገንዘብ ናት፤ ያውም ከበደሉ በኋላ።

እንግዲህ በእኛ ወረቀት ላይ «ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊ አይደለንም» የሚል መስመር ቢገኝ ይሰረዝ። በስፍራው የመመለሻው ሰዓት፣ አብረው የሚሄዱት ታላላቆች ስም፣ የልጁም ሕመምና መድኃኒት ይጻፍ።