ሰይፍ ይከሰሳልን?

በጥንቷ አቴና፣ ፕሪታኔዮን በሚባለው ሸንጎ፣ ለፍርድ የሚቀርበው ሰው ብቻ አልነበረም። በሰው ላይ ወድቆ የገደለ ድንጋይ ወይም ብረት ጉዳዩ ታይቶ ከአገር ወሰን ውጭ እንዲጣል ይፈረድበት ነበር። ፕላቶን «ሕግጋት» በተሰኘው ድርሳኑ ይህንኑ ሥርዐት ተቀብሎ፣ ከሰማይ እንደሚወርድ መብረቅ ያለውን ብቻ ከክሱ ነጻ አድርጎታል። በእንግሊዝ አገርም ሰው የገደለ ጋሪ ወይም ከብት ለዘውዱ ገቢ እንዲሆን የሚያዝዘው ሕግ እስከ 1846 እ.ኤ.አ. ጸንቶ ቆይቷል።

የዘመኑ አንባቢ በዚህ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ብረት ነፍስ የለውም፤ ነፍስ የሌለው አያስብም፤ የማያስብ ደግሞ አይበድልም። ነገሩ ግን በዚህ አይዘጋም። ገዳይ መሣሪያ በአንድ እጅ ብቻ አልፎ አያውቅምና። የሠራው አለ፤ የሰጠው አለ፤ የተቀበለው አለ፤ የመዘዘው አለ። ጥፋቱ ከእነዚህ በማንኛቸው ላይ ያርፋል?

ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ከተከተሉት የልብ ወለድ ሥራዎች አንዱ፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህር የነበረው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን የፈጠረው የቱሪን ታሪክ ነው። ታሪኩ ደራሲው በ1973 ከሞተ በኋላ፣ በልጁ አሰናጅነት መጀመሪያ በ1977 «ሲልማሪሊዮን» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ፣ ኋላም በ2007 «የሁሪን ልጆች» ተብሎ ራሱን ችሎ ታትሟል። ሥሩ ግን ከፊንላንድ ነው። «ካሌቫላ» በተባለው የፊንላንዳውያን የጀግንነት ግጥም ውስጥ ኩሌርቮ የተባለው ጎበዝ ሊሞት ሲል ሰይፉን ያነጋግራል፤ ሰይፉም ይመልስለታል። ቶልኪን ይህን ታሪክ ገና ተማሪ ሳለ ሊተርከው ሞክሮ ነበር። በ1916 በሶም ጦር ሜዳ ተሰልፎ ከተመለሰ በኋላም የሚናገረው ሰይፍ ከአእምሮው አልወጣም።

የቶልኪን ሰይፍ ሲሠራ ስሙ አንግላኬል ነበረ። ብረቱ ከምድር የተቆፈረ ሳይሆን እንደ ኮከብ እየነደደ ከሰማይ የወደቀ ነው። ሠሪው ኤዎል በጨለማ ደን ውስጥ ለብቻው የሚኖር ቂመኛ ብረት ሠሪ ሲሆን፣ በደኑ እንዲኖር ስለተፈቀደለት ሰይፉን ለንጉሥ ቲንጎል ገበረ፤ የገበረውም ልቡ እያዘነ ነበር። ከዘመናት በኋላ ቤሌግ የተባለው ዝነኛ ቀስተኛ፣ ወዳጁን ቱሪንን ለመጠበቅ ሲነሣ፣ ከንጉሡ ግምጃ ቤት ይህን ሰይፍ መረጠ። ንግሥት ሜሊያን አስጠነቀቀችው፦ የሠሪው ክፉ ልብ ዛሬም በሰይፉ ውስጥ አለ፤ የሚያገለግለውንም እጅ አይወድም አለችው። ቤሌግ ሰማ፤ ሰምቶም ወሰደው።

ቱሪን በጠላት ተይዞ ሳለ ቤሌግ በሌሊት ገብቶ፣ ደክሞት የተኛውን ወዳጁን ተሸክሞ አወጣው። እግር ብረቱን ሊቆርጥለት ሲሞክር ሰይፉ አዳልጦት የቱሪንን እግር ወጋው። ቱሪን በድንጋጤ ነቃ፤ በጨለማው ውስጥ የቆመው አሠቃዩ መሰለው፤ ታግሎ ሰይፉን ነጠቀና ገደለው። ወዲያው መብረቅ ብልጭ ሲል የወዳጁን ፊት አየ።

እንግዲህ ሜሊያን እንደተናገረችው፣ ክፋቱ ከሠሪው ወደ ብረቱ የተላለፈ ነው እንበልን? እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ቀጥቃጭ ለብዙ ዘመን «ቡዳ ነው» ተብሎ ሲፈራና ሲናቅ ኖሯል። ገበሬው በሠራለት ማረሻ ያርሳል፤ ወታደሩ በሠራለት ጦር ይዋጋል፤ ሁለቱም ግን ዐይኑን ይሸሻሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይመሰክራል። ጦሩን በፈለገበት የወረወረ እጅ ጀግና ሲባል፣ የሠራው እጅ ርኩስ መባሉ ጥፋትን ወደ ደካማው የማሻገር ብልሃት እንጂ ሌላ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሠሪው ፈጽሞ ነጻ ነው ማለትም አይቻልም። በአፍሪካ ቀንድ እረኛውም ሳይቀር «ክላሽ» እያለ የሚጠራውን ጠብመንጃ የፈለሰፈው ሚካኤል ካላሽኒኮቭ፣ ጥፋቱ የፖለቲከኞች እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ለብዙ ዓመታት ሲናገር ኖሮ ነበር። በ2013 ከመሞቱ በፊት ግን ለሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጠብመንጃው ለጠፋው የሰው ሕይወት ተጠያቂው እርሱ ይሆን እንደሆነ ጠይቋል። በቤተ ክርስቲያኒቱ በኩል የተሰጠው ምላሽ አገርን ለመከላከል መሣሪያ የሚሠራውን እንደምትደግፍ የሚገልጽ ነበር። ምላሹ ግን የጥያቄውን አንድ ወገን ብቻ የሚነካ ነው። ሽማግሌውን እንቅልፍ የነሣው አገሩን የጠበቀው ጠብመንጃ ሳይሆን ከእጁ ወጥቶ የሄደው ነበረና።

ወደ ቱሪን ስንመለስ፣ የታሪኩ ፍሬ ነገር ያለው ከቤሌግ ሞት በኋላ ባለው ክፍል ነው። የሰይፉ ስለት ጠቁሮና ዶልዱሞ ተገኘ፤ ያየው ሰውም ሰይፉ ራሱ ለሟቹ የሚያዝን መሰለው። የሚያገለግለውን እጅ አይወድም የተባለው ብረት አዘነ! ኋላም ናርጎትሮንድ በተባለችው ስውር ከተማ እንደገና ተቀጥቅጦ ተሠራለትና ቱሪን ጉርታንግ ብሎ ሰየመው፤ የሞት ብረት ማለት ነው። ቱሪን ስሙን ሰውሮ ስለነበር ሕዝቡ «ጥቁሩ ሰይፍ» ይለው ጀመር። በኢትዮጵያም የጦር መሪ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኛው ይባሉ ነበር። ፈረስ ግን ይደክማል፣ ይደነግጣል፣ አልሄድም ይላል። ሰይፍ አልሄድም አይልም። በሰይፉ የተጠራ ሰው ልጓም የለውም።

የናርጎትሮንድ ሰዎች እስከዚያ ድረስ የዳኑት በመሰወር ነበር። ጥቁሩ ሰይፍ በመካከላቸው ከቆመ ወዲህ ግን መሰወር ፍርሃት መሰላቸው። በቱሪን ምክር ወደ ግልጽ ጦርነት ወጡ፤ ለሠራዊታቸው መተላለፊያም በወንዙ ላይ ታላቅ ድልድይ ሠሩ። ኋላ ግላውሩንግ የተባለው ዘንዶ ከተማይቱን ሊያጠፋ ሲመጣ የገባው በዚያው ድልድይ ነው።

የመሣሪያ ክፋት የት እንዳለ እዚህ ላይ ይገለጣል። መሣሪያ አይበድልም፤ ግን ይመክራል። ሽሽት ጥበብ በሆነበት ሰዓት ሽሽትን ያሳፍራል፤ እርቅ በሚቻልበት ሰዓት እርቅን ያስንቃል። ምክሩን የሰማው ሰው «ብረቱ ገፋፋኝ» ቢል በደሉ አይቀልለትም፤ ይልቁንም በሁለት ይጠየቃል፦ ስለ ሠራው፣ ደግሞም ስላደመጠው።

ቱሪን ዘንዶውን በዚሁ ሰይፍ ገደለ። ነገር ግን ሳያውቅ ያገባት ሴት እኅቱ እንደነበረችና ይህን ዐውቃ ራሷን እንዳጠፋች ሽባው ብራንዲር ሲነግረው፣ ዋሽተሃል ብሎ በቁጣ ገደለው። የተነገረው እውነት መሆኑን ባረጋገጠ ጊዜ ሰይፉን ነፍሱን ፈጥኖ እንዲወስድ ጠየቀው። ሰይፉም መለሰ፤ የጌታውን የቤሌግን ደምና በግፍ የፈሰሰውን የብራንዲርን ደም ይረሳ ዘንድ የቱሪንን ደም በደስታ እንደሚጠጣ ተናገረ። ቱሪን በስለቱ ላይ ወደቀ፤ ሰይፉም ከሥሩ ተሰበረ፤ ስባሪውን ከጎኑ ቀበሩት።

በዚህ መልስ ውስጥ ያለውን ልዩነት አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል። ሰይፉ «ግፍ» ያለው የብራንዲርን ሞት እንጂ የቤሌግን አይደለም። አንዱ በጨለማ፣ ባለማወቅ የመጣ ሞት ነው፤ ሌላው ፊት ለፊት እየተያዩ፣ እውነትን ላለመስማት የተፈጸመ ግድያ ነው። ባለቤቱ በኀዘን ብዛት ያልለየውን ብረቱ ለየው። የአቴና ሸንጎ ሰይፉን ቢከስሰው ኖሮ ከወሰን ውጭ ይጥለው ነበር፤ ከእርሱም ጋር የሚያውቀውን ይጥል ነበር። ተረቱ ግን ሰይፉን ከተከሳሽ ሳጥን አውጥቶ በምስክር ቦታ አቆመው።

በአፍሪካ ቀንድ ጦርነት ባበቃ ቁጥር መሣሪያ ይሰበሰባል፣ ይቆጠራል፣ ዐይነቱና ቁጥሩ በመዝገብ ይሰፍራል። ይህ መልካም ሥራ ነው። የቀረው ሥራ ጉርታንግ ያስታወሰውን ማስታወስ ነው፦ በየትኛው እጅ የማን ደም ፈሰሰ፣ የትኛው ባለማወቅ፣ የትኛው በግፍ። ክላሽ አይናገርም፤ ምስክርነቱ የሚጠበቀው ከያዘው ሰው ነው።